ማስጠንቀቂያ ያለባት አመልካች

እህቴን «ቫይረስ» ብሎ የሰየማት ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባውቀው ኖሮ አፉን በድርብ ክር እሰፋለት ነበር። ሥራዬም ስፌት ስለሆነ ብዙ አልቸገርም። እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ ያንን ስም ተሸክማ ከቢሮ ስትመለስ በሩን እየከፈትኩ ፊቷን የማየው ግን እኔ ነበርኩ።

ከኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ታንሳለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ እህቴም ልጄም ናት። ቤት ውስጥ «ጭምት» ነው የምንላት። ሲከፋትም ሲደላትም ፊቷ አንድ ነው፤ ሆድ ይፍጀው ባይ ናት። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። አንድ እናት ሁለታችንን እንዴት እንደወለደችን ጎረቤቱ ሁሉ ይገርመዋል።

ቀን እየሠራች ማታ ተምራ በኮምፒውተር ዲግሪዋን ያዘች። የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያወጣው ክፍት ቦታ ግን የጸሐፊ ነበርና በጸሐፊነት ገባች። «ለጊዜው ነው እትዬ» አለችኝ። ያ «ለጊዜው» አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እውነቱን ልናገር። ብቻ ከኮምፒውተር ላይ ማንበብ አይሆንላቸውም፣ «ዓይኔን ያመኛል» ይላሉ። ስለዚህ የገባው ኢሜይል ሁሉ ከነአባሪው ይታተማል፣ በአቃፊ ይሆንና ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። እሳቸው በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ «ይታይ»፣ «ይመለስ»፣ «ለምን ዘገየ?» ብለው ይፈርማሉ። እህቴ መልሱን ትተይባለች፣ ወረቀቱም ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ቤት ይገባል። የይለፍ ቃላቸውን እንኳ የምታውቀው እሷ ናት፤ እሳቸው ከረሱት ቆይተዋል። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸው ልጅ የሠርግ ጥሪ በኢሜይል መጥቶ፣ ታትሞ፣ «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሞበት መዝገብ ቤት ገብቷል። ይህን ስትነግረኝ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ሳቁ ቀረ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ የሚመስል «አስቸኳይ» የሚል ኢሜይል ገባ፤ አባሪ ነበረው። እህቴ አባሪውን ከፈተችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ «ፋይላችሁ ተቆልፏል» የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳይተው ቀጥ አሉ። የደንበኛ ስም የለ፣ የቆጣሪ ቁጥር የለ፣ የብልሽት ጥሪ መመዝገቢያ የለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ ሲሳደብ ሰነበተ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ለእህቴ «አጠራጣሪ አባሪ ያለ ጥንቃቄ በመክፈት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፣ በግል ማኅደሯም ገባ። ስሙ የወጣላት ያኔ ነው።

«እውነት አንቺ ነሽ የከፈትሽው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

ሌላ ምንም አላለችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ተረትኩባት። ዛሬ ሳስበው ምላሴን እነክሳለሁ።

የተቆለፈውን ለመመለስ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ተላከች። ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስትሠራ ዳቦ በአንድ እጇ ይዛ ነው። ሁሉም «ቫይረስ»ን ሲሸሻት እህቴ አብራት ቁጭ አለች። የትኛው ፋይል የት እንደነበረ፣ የቱ አሮጌ ቅጂ የማን መሳቢያ ውስጥ እንደተረሳ ከእህቴ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ፣ «አንቺ ምን ልትሠሪ ነው እዚህ የምትተይቢው?» አለቻት።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ ነው። መንግሥት በሳይበር ደኅንነት ማስተርስ የሚያስተምርበት ነጻ የትምህርት ዕድል አለ። ክፍያውንም መኖሪያውንም ይችላል። ለተማርሽበት ለእያንዳንዱ ዓመት ግን ሁለት ዓመት፣ ጠቅላላ አራት ዓመት፣ በተመደብሽበት የመንግሥት ቢሮ ታገለግያለሽ። ባለሙያዋ ራሷ ያንን ግዴታዋን እየተወጣች ነበር። ዲግሪ ያስፈልጋል፣ ፈተና አለ፣ ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፣ ዕድሜ ከሠላሳ አምስት መብለጥ የለበትም። እህቴ በሚቀጥለው ምዝገባ ሠላሳ አምስት ልትሞላ ነው። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ዕድል ነበር።

ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «ለመንግሥት አራት ዓመት? አሥራ አንድ ዓመት አገልግለሽ ያተረፍሽው ማስጠንቀቂያ ነው! ጭራሽ ጨምሩልኝ ትያለሽ?»

«እትዬ፣ ማንም ሰው ያን ጊዜ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። እኔም አልገባኝም። እንዲገባኝ እፈልጋለሁ።»

«ሲገባሽስ?»

«ሲገባኝማ ሁለተኛ አይደርስም።»

አነጋገሯ ቀስ ያለ ነበር፣ ግን እኔ አሳድጌያታለሁ፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እንዲህ ስትል ግንብ ቢቆምባት ዞራ ትሄዳለች እንጂ አትመለስም።

ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ሱቄ ውስጥ አጠናች። የመቁረጫ ጠረጴዛውን ጨርቅ ሳልዘረጋበት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ለእሷ ለቀቅሁላት። እኔ ጥያቄውን ከወረቀቱ አነብላታለሁ፣ ትመልሳለች። ምን እንዳለች ባይገባኝም መልሱን ቃል በቃል አመሳክራለሁ። አንድ ቃል ከጎደለች «ወደቅሽ!» እላታለሁ። አንድ ቀን ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ የሱቁን ቁልፍ የት ነው የምታስቀምጪው?» አለችኝ።

«ከደጃፉ ድንጋይ ሥር።»

«ማን ያውቃል?»

«ሰፈሩ በሙሉ! ለዚህ እኮ ነው የማልሰረቀው፤ ሁሉም ይጠብቅልኛል።»

እስክሪብቶዋን ጣል አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዋ ነበር። በማግስቱ ቁልፉን ከድንጋዩ ሥር አንሥታ ከአንገቴ ላይ በጥብጣብ አሰረችልኝ።

በጽሑፍ ፈተናው ከሦስት መቶ ሰው ሦስተኛ ወጣች። ሦስተኛ! ለደንበኞቼ ሁሉ ነገርኩ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ እንኳ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ሄደ። የቀረው የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ለማስገባት ዘጠኝ ቀን ነበራት።

በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሱቄ መጣች። በምሳ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ማሽኔን አቆምኩ።

«ከለከሉኝ እትዬ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ድጋፍ አይጻፍለትም።»

«ታዲያ ይኼን እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር?»

«አውቃለሁ። ይነሣልሻል ተብዬ ነበር።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ያኔ ነው ያወጣችው። ያ ኢሜይል የገባ ዕለት የላኪው አድራሻ አጠራጥሯት ነበር። አባሪውን ሳትከፍት ደብዳቤውን ብቻ አትማ፣ ከግርጌው «አድራሻው የተለመደው አይደለም፤ አባሪው ይከፈት?» ብላ ጽፋ ለኃላፊው አቀረበች። እሳቸው «አንቺ ፖስታ አድራሽ ነሽ ወይስ ዳኛ?» ብለው ቀለዱባትና ጠርዙ ላይ «ተከፍቶ ይታተም» ብለው ፈረሙ። ሁሉ ነገር ከተቆለፈ በኋላ ቢሯቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። «ጡረታ ልወጣ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶኛል። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበት ስሜ ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ማስጠንቀቂያ ያልፋል፣ ከስድስት ወር በኋላ እኔው አነሣልሻለሁ» አሏት። አሳዘኗት። እሺ አለች።

«አሳዘኑኝ ነው የምትይኝ?» ብዬ ጮኽኩ። «አሥራ አራት ወር ቫይረስ ስትባዪ አንቺስ አታሳዝኚም? ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«ብነግርሽ ቢሮ ድረስ መጥተሽ ታዋርጂኝ ነበር።»

«በደንብ አድርጌ!»

መቀሱን እንደያዝኩ ተነሣሁ። እውነቴን ነው፤ መቀስ መያዜን ያወቅሁት እሷ ከእጄ ስትቀበለኝ ነው። «ቁጭ በዪ እትዬ፣» አለችኝ። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። የምናገረውም እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ቃላቸውን አስታወሰቻቸው። እሳቸውም አልካዱም። «አራት ወር ብቻ ነው የቀረኝ፤ አሁን ባነሣው ለምን ተነሣ ይላሉ፣ ነገሩ ወደኔ ይዞራል። ልወጣ ስል አንሥቼልሽ እሄዳለሁ» አሏት። እህቴ ይህ ዓመት ካለፈ ዕድሜዋ እንደሚያግዳት ነገረቻቸው። እሳቸውም አረንጓዴ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ጠረጴዛቸው ላይ ወዳለው ወረቀት ተመለሱ። ያን ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመለክታለሁ፤ ያቺ ወረቀት መዝገብ ቤት እንዳለች እጠቅሳለሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

ይህን ስትነግረኝ ራሴን ያዝኩ። «አንቺ ሞኝ! ዛሬውኑ ሄደው ወረቀቷን ቢቀዷትስ?»

«ሊቀዷት ይችላሉ።»

«ቅጂ አለሽ?»

«የለኝም።»

አይ ጉድ! ዓመት ሙሉ ስለ መቆለፍ ያጠናች ልጅ፣ ለሌባው ቀን ቀጥራ፣ በሩን ከፍታ መጣች! ብትናደዱ አይፈረድባችሁም፤ እኔ ተናድጄ እራት አልበላሁም። እሷ ግን በላች። ማመልከቻዋን ጻፈች፣ ሸሚዟን ተኮሰች።

መዝገብ ቤቱን የያዙት ሽማግሌ ሁልጊዜ ወገባቸው ላይ ቁልፍ ስለሚያንጠለጥሉ «አባ ቁልፍ» ይባላሉ። ከእሳቸው ቤት ወረቀት የሚወጣው በፊርማ ብቻ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ የአገር መሪም ቢመጣ። በማግስቱ እህቴ ማመልከቻዋን አስገብታ ወደ እሳቸው ስትሄድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አቃፊው የለም። ኃላፊው ትናንት አሥር ተኩል ላይ ወስደውታል።» የመውጫ መዝገቡን ዘርግተው አሳዩዋት። የአቃፊው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተፈረመ ፊርማ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነበር። ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የአንዷን ደንበኛ ቀሚስ ገልብጬ ሰፋሁ፤ እጀታውን ፈትቼ እንደገና ገጠምኩ። እህቴ ግን ቢሮ ውላ፣ የዕለቱን ኢሜይል አትማ፣ በአቃፊ አድርጋ ለዚያው ሰውዬ አቅርባ መጣች። «እንዴት ቻልሽ?» ብላት፣ «ሥራዬ ነው እትዬ። ነገ እንዳያሳብቡብኝ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠው፣ እህቴ ጉዳዩን ተናግራ ጨርሳ፣ ሰብሳቢው «ማስረጃሽስ?» ሲላት «ኃላፊው ጋ ነው» አለች። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሊጠሯቸው ሰው ሊልኩ ሲሉ በሩ ተንኳኳና ኃላፊው ራሳቸው ገቡ። አቃፊውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ገጹን ገለጡት። «ጽሑፉ የኔ ነው። ጠይቃኝ ነበር፤ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አሉ። ለመቀመጥ ወንበር ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም።

ሕሊናቸው ነው ያመጣቸው ትላለች እህቴ። እኔ ደግሞ የመውጫ መዝገቡ ላይ ያለችው ፊርማ ናት ያመጣቻቸው እላለሁ። ከሁለታችን ማን ልክ እንደሆነ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ያውቃሉ። ብቻ ቀድደዋት ቢሆንስ ብዬ ስፈራ የነበረች ያቺ ወረቀት አልተቀደደችም። ለእሳቸውም ተግሣጽ ተጻፈ፣ ጊዜያቸው ሲደርስም ከነጡረታቸው በሰላም ወጡ። የእህቴ ማስጠንቀቂያ ተነሣ። የድጋፍ ደብዳቤውን ምክትላቸው ፈርሞላት ዓርብ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከምሳ በፊት አስገባች።

ለቃለ መጠይቁ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ደብዛዛ ሰማያዊ፣ ኪስ ያለው። ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ እንደተለመደው ነው፤ ምንም አይነበብም።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ማስጠንቀቂያው ተነሥቶልሻል፤ እንግዲህ ጥፋት የለብሽም ማለት ነው አይደል? አሉኝ።»

«የለብኝም ብለሽ ጨረስሽዋ!»

«አለብኝ አልኩ።»

ከአግዳሚው ብድግ አልኩ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«እትዬ ስሚኝ። ከአባሪው ይልቅ የከፋው ዝምታዬ ነው። ነገሩ በምን መንገድ እንደገባ ስላልተናገርኩ፣ ቫይረሱን አስወገዱ፣ ልማዱን ግን ማንም አልነካውም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ጠጠር የሚያክል ነገር ሳይለወጥ፣ የመጣውን ሁሉ እየከፈትኩ አትሜአለሁ። በዚያ መካከል ሁለተኛ ቢመጣ ኖሮ ጥፋቱ የማን ነበር? የኔ ነበር። ይህን ነው የነገርኳቸው።»

ከቀሚሷ ጠርዝ የተረሳ ክር አየሁና በጥርሴ በጠስኩላት። 

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። የቀረው ውል መፈረም ነው፤ ለውሉ ደግሞ ዋስ ያስፈልጋል። ንብረት ያለው፣ ከግዴታዋ በፊት ሥራውን ጥላ ብትሄድ የወጣውን ወጪ ሁሉ የሚከፍል ሰው። እህቴ አልጠየቀችኝም። ከሥራ ቦታዋ ሦስት ሰው ጠይቃ ሦስቱም «ንብረቴ በሚስቴ ስም ነው» እንዳሏት የሰማሁት ከአባ ቁልፍ ነው። ሁለቱ ሚስት የላቸውም!

የሱቄን የባለቤትነት ወረቀት በፌስታል አድርጌ ይዣት ሄድኩ። ውሉን የያዘው ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እስከ ጣሪያ በተደረደረ ማኅደር መካከል የተቀመጠ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አየና ራራልኝ መሰለኝ።

«እናቴ፣ ይኼ ሱቅ መተዳደሪያዎ ነው?»

«ሌላ የለኝም።»

«እንግዲያ ልንገርዎት። ትምህርቱን ሲጨርሱ የግል ድርጅቶች በአራት እጥፍ ደመወዝ ይጠሯቸዋል። ጥለው የሚሄዱ አሉ። እዚች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱት ደግሞ ዋሶቹ ናቸው። አራት ዓመት ረጅም ነው። በምን ተማምነው ነው የሚፈርሙት?»

እህቴ ከጎኔ ነበረች። «እትዬ፣ እሱ ልክ ነው፤ ካልፈለግሽ…» ማለት ጀመረች። ዝም በይ አልኳት።

«ስማኝ ወንድሜ፣» አልኩት። «ይቺ ልጅ የሰው ጥፋት በአደራ ተሰጥቷት አሥራ አራት ወር ተሸክማዋለች። እኔ እንኳ፣ ያሳደግኋት እህቷ፣ ተርቼባት አልተነፈሰችም። በገዛ እጇ የፈረመችበትን አራት ዓመት ትጥለዋለች?»

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። በትልቁ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ከመስመሩ ወጣ። ኮርቼ ነው።